ሻይዎ ስላልፈሰሰበት ኩርባ

ለክቡር የመኪና ውድድር ሜዳው ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ የተሟላ፣ በተለይም ወገብዎ የጸና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የወገብ ነገር ትዝ ያለኝ፣ ታናሽ ወንድሜ ከሦስት ሳምንት በፊት በሜዳዎ ሦስተኛ ኩርባ ላይ ተገልብጦ የእሱ በሁለት ቦታ ስለተሰበረ ነው። እኔ መኪናውን ያዘጋጀሁለት መካኒክ ነኝ። የፊታችን ማክሰኞ ኮሚቴዎ የውድድር ፈቃዱን ለዘለቄታው ሊነጥቀው እንደሚሰበሰብ፣ ምክንያቱም «የአሽከርካሪው ግድየለሽነት» እንደሆነ በፊርማዎ የወጣው ሪፖርት ነግሮናል። ስለዚህ ምስጋናዬን ከማክሰኞ በፊት ላደርስ ወደድሁ።

፩. ኩርባውን አዲስ አስፋልት ስላለበሱልን አመሰግናለሁ። ያለበሱት ግማሹን ብቻ፣ ያውም ከክብር እንግዶች መቀመጫ የሚታየውን ግማሽ ነው። አዲሱ ከአሮጌው በሁለት ጣት ከፍ ብሎ መቅረቱን ከዚያ መቀመጫ ማንም አያየውም፤ የሚያየው ጎማ ብቻ ነው።

፪. በውድድሩ ዋዜማ ስለዚሁ ጠርዝ አቤት ብንልዎ፣ በቢሮ መኪናዎ የኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ሻይ በእጅዎ ይዘው በላዩ ስላለፉልን አመሰግናለሁ። የሪፖርቱ ገጽ አራት «ሻዩ አልፈሰሰም» ይላል። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ መለኪያ አላጋጠመኝም። ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ መኪና የተሠራው ሰው እንዲያንቀላፋበት ነው፤ ሞላው ለስላሳ፣ ሆዱም ከመሬት የራቀ ነው። የወንድሜ መኪና ወለል ግን ከአስፋልቱ የሚርቀው ሦስት ጣት ነው። በዚያ ጠባብ ክፍተት የሚሾልከው ነፋስ መኪናውን ወደ መሬት ስቦ ይይዘዋል፤ ኩርባውን በዚያ ፍጥነት መዞር የሚቻለውም ነፋሱ እስከያዘው ድረስ ነው። ክፍተቱ እንዳይዛባ ሞላውን እንደ ድንጋይ አጠነክረዋለሁ፤ የጠነከረ ሞላ ደግሞ ጉብታ አይውጥም። ባለሰልሰው ወለሉ አስፋልት ይልሳል። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ለጥ ያለ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የእርስዎ ሥራ ነበር። ጎማው ጠርዙን ሲመታ አፍንጫው ተነሣ፣ ነፋሱ ለቀቀው፣ መኪና የነበረው ነገር ወረቀት ሆነ። መሪ ለወረቀት ምን ይፈይዳል?

፫. «አስፋልቱ ለሁሉም እኩል ነው፤ ሌሎቹ አሥራ አንዱ በሰላም አልፈዋል» ማለትዎም ትክክል ነው። ሌሎቹ በአሮጌው ወገን ብቻ አለፉ፤ እሱ ግን ከፊቱ ተሽከርክሮ የቆመ መኪና እንዳይመታ ሲል ወደ አዲሱ ተሻገረ። እዚያ መኪና ውስጥ የነበረው ሰው ዛሬ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ግድየለሽነት የሚባለው ይህ ከሆነ፣ ለእርስዎ የሚሆን ቃል ቋንቋችን ገና አላበጀም።

፬. ሆስፒታል ድረስ መጥተው ስለጠየቁት አመሰግናለሁ። ፎቶ አንሺዎ ሦስት ጊዜ አልጋውን ወደ ብርሃኑ እንድንገፋለት ማዘዙ አልከፋንም። ከጣሪያ በቀር ወዴትም መዞር ለማይችል ሰው፣ «አይዞህ፣ እኛም በወጣትነታችን ፍጥነት ያታልለን ነበር» ብለው አጽናኑት። ወንድሜ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። እርስዎ ከወጡ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ዳግመኛ መንዳቴን እንጃ። እጁ ነው ያጠፋው ተብሎ ግን አይጻፍብኝ።»

ሥልጣንዎ የመቀመጫዎን ያህል ይደላደልልዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ለክብርዎ የሚገባውን አክብሮት አንዲት ጠብታ ሳላተርፍ አቀርባለሁ።

የአሽከርካሪው ታላቅ ወንድም

ማስታወሻ፦ ትናንት ጠዋት ሠራተኞችዎ ጠርዙን ፈቅፍቀው አስተካክለውታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ አለቃቸውን ብወቅሰው፣ ሰውዬው ተቆጥቶ የሥራ ትእዛዙን አሳየኝ፤ ቅጂውንም አልነፈገኝም። የተጻፈው ከውድድሩ አራት ቀን በፊት፣ በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ነው፦ «ጠርዙ አደገኛ ስለሆነ ይስተካከል፤ ነገር ግን አቧራው የክብር እንግዶችን እንዳያስቸግር ከውድድሩ በኋላ ይሁን።» ማክሰኞ ይዤው እመጣለሁ። ለኮሚቴው እርስዎ ቢያነቡላቸው ደስ ይለኛል፤ ጽሑፍዎ ለሌላ ሰው ትንሽ ያስቸግራል።