ባለ ሁለት ማራገቢያው ካርቶን

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለወንደሰን፤

ለመሆኑ እንዴት ነህ? የጋምቤላ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ወባውስ ተወህ ወይስ አሁንም ይመላለስብሃል? የጤና ጣቢያው ሥራ፣ እንቅልፍህ፣ ምግብህ፣ ሁሉም ደኅና ነው? እኔ እኅትህ ባንቺዓለም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እንዲህ ደኅና ሆኜም አላውቅ። ስልክህ አልገባ ቢለኝ ነው በደብዳቤ የመጣሁት፤ ደግሞ ይህን ወሬ በስልክ አጣድፌ ባበላሸው ይቆጨኝ ነበር። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ከጨረታ ያወጣሃቸውን ሁለት መንታ ኮምፒውተሮች ታስታውሳለህ፤ አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለሚስትህ ለበዛብሽ የሰጠኸንን። ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ሱቅ ከፍተን፣ እሷም እኔም ጽሕፈት ስንጽፍ፣ የሠርግ ቪዲዮ ስናቀናብር ይኸው አራት ዓመት ሆነን። የልጅህ የእስከዳር ክርስትና ዕለት፣ በሰው መሀል «የባንቺዓለም እጅ ሊጥ ነው የለመደ፤ ኪቦርድ ምኗ ነው?» ብላ ድፍን ቢቸናን ያሳቀችብኝንም ታስታውሳለህ። አንተም ስቀህ ነበር።

እንግዲህ በታኅሣሥ መጨረሻ መብራት ሄዶ በኃይል ተመለሰና የሁለታችንንም ግራፊክስ ካርድ፣ ያንን ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣውን፣ ባንድ ቀን አቃጠለው። ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ግን ድፍን ጨለማ። የጥር ሠርግ ደግሞ ደጃፍ ደርሷል። ከሁለታችን ቀድሞ ያስጠገነ የወቅቱን ሠርግ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ የቀረው ሱቁን ይዘጋል።

እኔ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ጉንደ ወይን እስክንደርስ ጭኔ ደንዝዞ አለቀ። ሞጣ ላይ ጓዴ የሚባል ጠጋኝ አለ። ሦስት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። የመጀመሪያው አዲስ፣ ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ ካርቶኑ ላይ እሳት የሚተፋ ዘንዶ የተሣለበት ነው። ዓይኔ እዚያው ተተክሎ ቀረ። ጓዴ ግን «እትዬ፣ ይህ ለአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ነው፤ የርስዎ መሰኪያ ሌላ ነው፣ ጥርሱ አይገባም። ቢገባስ ይህ መብራት የሚመግበው አሮጌ ፓወር ሰፕላይ በምን አቅሙ ይሸከመዋል?» አለኝ። ሁለተኛው ይገባል፤ ሜሞሪው ትንሽ ስለሆነ ግን ለጽሕፈት እንጂ ለቪዲዮ አይሆንም። ሦስተኛው ከመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የተፈታ፣ ማራገቢያ እንኳ የሌለው፣ አቧራ የጠጣ ነገር ነው። እፍ ብሎ ሰካው፤ ይዤ የሄድኩትን ሠርግ ከፈትነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሙሽራይቱ አንዴም ሳትደነቃቀፍ ጨፈረች። እሱን ያዝኩ።

ልወጣ ስል መደርደሪያው ላይ ከተሸጠ ካርድ የተረፈ የዘንዶውን ባዶ ካርቶን አየሁና ስጠኝ አልኩት። አሮጌውን ካርዴን ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ ባዶውን ካርቶን ደረቴ ላይ አድርጌ ቢቸና መናኸሪያ ስወርድ በዛብሽ ቆማለች። «ይኸ ነው የገጠመልሽ?» አለችኝ። «ካርቶኑ ላይ ተጽፎ የለ? የተማርሽው አንቺ፤ አንብቢው እንጂ» አልኳት። አልዋሸሁም ወንደሰን፤ አንድ የሐሰት ቃል ከአፌ አልወጣም።

ኮምፒውተሮቹ መንታ ናቸውና ለኔ የገጠመ ለሷም ይገጥማል አለች። ከኔ ኋላ ኮምፒውተር ታቅፎ ሞጣ መሄድ ሞት መሰላት። የካርዱን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ባሕር ዳር ለሚመላለስ ሹፌር ሰጠችው፤ በሦስተኛው ቀን መጣላት። አልገባ ሲላት ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ብረት በያጁ ዘንድ ወስዳ ጥርሱን በሞረድ አስሞረደችው! ከዚያ በመዳፏ ደፍጥጣ አስገብታ አበራችው። ጧ ሲል ከመንገዱ ማዶ ሰማሁት። ጭሱ በመስኮት ሲወጣ ወንበሬን ደጃፍ አውጥቼ ተቀመጥኩ። ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ሥራው ሁሉ ከሚቀመጥበት ሐርድ ዲስክ ጋር ተቃጠለ፤ የእስከዳር የክርስትና ቪዲዮም አብሮ፣ ያ ሳቃችሁ ያለበት። ሌላ ቅጂ የለውም።

ሙሽሮቹ ካሴታቸውን ይዘው መንገዱን ወደኔ ተሻገሩ። ጥርን ሙሉ ደጄ ወረፋ ነበር። በሷ ሱቅ አሁን ሽንኩርት ይሸጥበታል።

በየካቲት መባቻ ሥራ ስጪኝ ብላ መጣች። የያዝኩትን እስክጨርስ ደጅ አቆምኳት፤ ወንበር ነበረ። ከዚያ ለፈተና «የባንቺዓለም እጅ ሊጥ ነው የለመደ» የሚለውን አሥር ጊዜ ጻፊ አልኳት። ጻፈች። ፈጣን ናት መቼም፤ ቀጠርኳት።

እናታችን ሀብትነሽ ጉልበቷን ትንሽ ከማመሙ በቀር ደኅና ናት፤ ጉንጭህን ትስማለች። ባለቤቴ የኔሰው እንደምን ነህ ይልሃል። እስከዳር አባዬ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ነው፤ ስለ ቪዲዮው አልነገርናትም።

ሚስትህም ደኅና ናት፤ አጠገቤ ተቀምጣለች። ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች፣ እኔ ስናገር የጻፈችው እሷ ናት። ሁለት ቦታ ላይ እጇ ቆሞ ነበር፤ ቀጥዪ አልኳት፣ ቀጠለች። የራስሽን ሰላምታ ጨምሪ ብላት ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች፤ ሰላም ብላሃለች ብለህ ቁጠረው። አንድ ፊደል እንኳ አልሳተችም።

እኅትህ ባንቺዓለም
ቢቸና፣ የካቲት 18 ቀን 2001 ዓ.ም.