ለአንድ ቀን ምርቃት የተዋሱን ጄኔሬተር

ለተከበሩ አቶ አብሳሎም
የአረንጓዴ ሃይድሮጂን ማሳያ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ
ጅማ

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና ግቢዎ ውስጥ የቆመውን ጄኔሬተራችንን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ እየተመኘሁ፣ እኛ በአጋሮ መንገድ ዳር ያለን የቡና ማጠቢያ ማኅበር አባላት ከቡናችን በቀር ሁላችንም ደህና መሆናችንን አስታውቃለሁ።

በቅድሚያ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። በምርቃቱ ቀን ሃይድሮጂን በኤሌክትሪክ ከውሃ ተለይቶ የሚወጣ፣ ሲነድ ጭስ የሌለው ነዳጅ እንደሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ከፀሐይ ሲመጣ ደግሞ አረንጓዴ እንደሚባል በትዕግሥት አስረድተውናል። የፀሐይ ፓነሎቹ ገና ከወደብ ስላልተነሡ፣ በዕለቱም መብራት ስለጠፋ፣ ማሽንዎ የተነሣው ከእኛ በተዋሱት የናፍጣ ጄኔሬተር ነበር። ጭሱ ሪባኑን ሲያጠቁረው እያየን አጨብጭበናል።

ያዋስኩዎ እኔው ነኝና ቅሬታዬን በተራ ላቅርብ።

1. በእኛ ልማድ ይህ ጄኔሬተር ለሰርግም ለለቅሶም ይወጣል፤ የወሰደው ሰው ሙሽራ እንኳ ቢሆን በማግስቱ ናፍጣ ሞልቶ ይመልሰዋል። እርስዎም ለምርቃት፣ ለአንድ ቀን ብቻ ሲሉኝ ምርቃቱን እንደ ሰርግ ቆጥሬ ያለ ፊርማ ሰጠሁ። ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ይህን ያህል የቆየ ሰርግ በአገራችን አልታየም።

2. እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካል። ባለፈው ሳምንት መብራት ሦስት ቀን ሲጠፋ ሙሐመድሳኒ የሚባለው ገበሬያችንና ባለቤቱ ባህሪያ የዓመት ልፋታቸውን፣ ስምንት ጆንያ፣ በአህያ ጭነው መጡ። መፈልፈያው ጄኔሬተር አጥቶ እንደቆመ ቡናቸው ደጃፌ ላይ ቦካ። ባህሪያ አንዱን ጆንያ ፈትታ አሸተተችና መልሳ አሰረችው። ሙሐመድሳኒ ግን ማል ጎና፣ ምን እናደርጋለን፣ አላህ ያውቃል ብሎ እኔኑ አጽናናኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንጀቴ አርሯል፣ አቶ አብሳሎም።

3. አራት ጊዜ ቢሮዎ መጥቻለሁ፤ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጸሐፊዎ ጎብኚዎች በየሳምንቱ ስለሚመጡና ማሽኑ ያለ ጄኔሬተሩ ስለማይነሣ እንድታገሥ በትሕትና ነገረችኝ። ስወጣ ጄኔሬተራችንን አየሁት፤ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ችግሩ በዚህ መንገድ ይፈታል ብለን ስላላሰብን እናፍራለን።

ሃይድሮጂኑን ጠልተን አይደለም። አንድ ቀን መፈልፈያችንን ያለ ጭስ ካዞረልን እሰየው እንላለን። እስከዚያው ግን የቀረው ቡና ዛፉ ላይ ቀልቷል፤ ከሰኞ ጀምሮ ለቀማ ነው። ከሰኞ በፊት ይመልሱልን። ቀለሙን አንፍቀውም።

ለመጪው ትውልድ ያለዎትን አሳቢነት እያደነቅሁ፣ ያሁኑም ትውልድ ጎረቤትዎ መሆኑን በማስታወስ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ

ጥሩወርቅ ገብረሥላሴ
የቡና ማጠቢያው ንብረት ክፍል ኃላፊ

ማሳሰቢያ፦ ክፉ አይንካውና፣ ምናልባት ፕሮጀክትዎ ቢያርፍ እድራችን ድንኳኑን ይዞ ይደርሳል። ጄኔሬተሩ ካልተመለሰ ግን ለለቅሶው የምናበራው ነገር ስለሌለን ቀብሩን በቀን ያድርጉት። ያኔ እንኳ በፀሐይ ይጠቀማሉ።