ፎቶህን ከፒያኖው ላይ አነሣሁት

ውድ ባሌ፣ ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ግን አልተሸነፍሁም። ይህን የምጽፍልህ እህትህ እትዬ ብርቄ ፒያኖህን ከቤት ሊያስወጡ ተነሥተው ስለነበር ነው።

ከቀብርህ ስንመለስ እሳቸው በነጭ ጨርቅ ሸፈኑት፤ ፎቶህንም ጥቁር ጥብጣብ አስረው አናቱ ላይ አቆሙት። የሐዘን ቤት ነውና እንዳለ ተውሁት። ክረምቱ ሲገባ ግን ጨርቁን ገልጬ አንድ ሁለት ቁልፍ ብነካ፣ ከድምፁ ይልቅ የእንጨቱ ኳኳታ ባሰ። መሐል ላይ ያለው አንዱ ቁልፍ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ጢንዚዛ ይጮኻል። እትዬ ብርቄ ከጓዳ ሰምተው ኖሯል፤ የጣና እርጥበት የጨረሰው ዕቃ ነው፣ ለሙት ዓመቱ እንግዳ ሳይመጣ ለቆራሌው ይሰጥ አሉ። ለቆራሌው፣ ታዴ።

እንቢ አልሁ። ያን ፒያኖ ወደ አገሩ ከሚመለስ መምህር ገዝተህ ከፔዳ ኮሌጅ ግቢ በጋሪ ስታመጣው ከኋላ ደግፌ የተራመድሁ እኔ ነኝ። በየክረምቱ ከፍተህ ስትጠግነውም ቁልፉን የምጫንልህ እኔ ነበርሁ። አንተ ጆሮህን እንጨቱ ላይ ለጥፈህ፣ ደግሜ እንድጫን በሁለት ጣትህ አየሩን መታ መታ ታደርጋለህ። ወጡ እያረረብኝ እጫናለሁ።

ስለዚህ ካቻቢቴህን አነሣሁ። የፊቱን ሳንቃ ነቅዬ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሳወጣ፣ ከሥራቸው ያሉትን ክብ የሱፍ ቁራጮች ብል በልቷቸዋል። እንጨት ከእንጨት ቢጋጭ ምን ይገርማል። እንዲህ ያለ ወፍራም ሱፍ ከየት ይመጣል ብዬ ሳስብ ባርኔጣህ ትዝ አለኝ፤ ልብስህን ለነዳያን ስንሰጥ እትዬ ብርቄ ለማስታወሻ ያስቀሩት ግራጫው። በመቀስ ቆራረጥሁት። አልቅሻለሁ፤ ግን አልቆጨኝም። ኳኳታው ጠፋ።

የመሐሉ ቁልፍ ግን አሻፈረኝ አለ። አውጥቼ መለስሁት፣ መዶሻውን ፈተሽሁ፣ ያገኘሁትን ብሎን ሁሉ አጠበቅሁ፤ ጢንዚዛው እዚያው ነው። ተናድጄ ቁጭ ባልሁበት የአንተ የመጀመሪያ ሥራ ምን እንደነበር አስታወስሁ። ጆሮህን ከመለጠፍህ በፊት ፒያኖው ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ ታወርድ ነበር፣ መነጽርህን ሳይቀር። እኔም ሁሉን አውርጄ አንተን ብቻ ትቻለሁ። የሟች ፎቶ ማን ይነካል?

ነካሁት። ደረቴ ላይ አቅፌህ በሌላው እጄ ቁልፉን ተጫንሁ። ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። ያን ሁሉ ቀን ከቁልፉ ድምፅ ጋር እየነዘረ ያስለፋኝ የፍሬምህ መስታወት ነበር። ከሞትህ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

እትዬ ብርቄ በሐዘን ቤት ሳቅ ሰምተው በቁጣ መጡ። ፎቶህን ላዩ ላይ አቁሜ ተጫንሁ፤ ከዚያ አንሥቼ ተጫንሁ። ወደ ፒያኖው ጠጋ አሉ። ደግሜ እንድጫንም በሁለት ጣታቸው አየሩን መታ መታ አደረጉ። የአንተ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ የቤተሰብ ነው። ስለ ቆራሌው ከዚያ ወዲህ አንሥተው አያውቁም።

ቢያነሡም ፒያኖው የትም አይሄድም። ለሙት ዓመትህ የሚመጣው ሁሉ ክዳኑን ክፍት ያገኘዋል፤ ደስ ያላለው ይውጣ። ፎቶህ ግድግዳው ላይ ነው፤ እንግዳ እዚያ ይይህ። እኔ ግን አንተን የማስታውሰው ባርኔጣህ ከሥሩ ያለበትን ቁልፍ እየተጫንሁ ነው፣ ጣቴ እስከታዘዘኝ ድረስ።

ያንተው አልማዝ