ሰባት ጊዜ የፍሬን ቱቦ ጠይቀው ስላልተሰጣቸው ባልደረባችን ሞት

ለማኅበሩ አባላት፣ ለድርጅቱ ሠራተኞችና ለአውቶቡስ ተጠቃሚዎች በሙሉ፤

የጋራዥ ሠራተኞች ማኅበር፣ የፍሬን ክፍል ኃላፊና የማኅበሩ መሥራች አባል የነበሩት፣ ሁላችንም ጋሽ ካሊፐር እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሥራ ገበታቸው ላይ እንዳሉ ሕይወታቸው ማለፉን የሚገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። በቁጣም ነው። ቁጣውን በጨዋ ቃል ልንሸፍነው ሞክረን ነበር፤ አልሆነልንም።

ሟች ድርጅቱን የተቀላቀሉት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ቅጽል ስማቸውን ያገኙት ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪስ እሳቸው የመለኪያ ካሊፐር ይዘው ስለሚዞሩ ነበር። በሠርጋቸው ቀንም ከኪሳቸው እንዳልተለየ ባለቤታቸው ይመሰክራሉ።

ፍሬኑ የተጠገነ አውቶቡስ በግቢው ቁልቁለት ላይ ባዶውን ሳይሞከር ተሳፋሪ እንዳይጭን ያስወሰኑት እሳቸው ናቸው። ሙከራውንም ለሌላ ሰው አሳልፈው ሰጥተው አያውቁም።

ባለፈው ጥር ወር የአሥራ ሁለት አሮጌ መለስተኛ አውቶቡሶች የፍሬን ቱቦ በዝገት በመበላቱ እንዲቀየር በጽሑፍ ጠየቁ። የቱቦው ዓይነት፣ ውፍረቱ፣ የማያያዣዎቹ የጥርስ ልክ ሳይቀር ተዘርዝሯል። እስከ ሰኔ ድረስ ሰባት ጊዜ ጻፉ። በሰባተኛው ቅጽ ግርጌ ላይ በእጃቸው «ይሄ የውሃ ቧንቧ አይደለም፤ ሰው ነው የምንጭነው» የሚል አስፍረዋል።

በሐምሌ ወር ግዥ ክፍል ዕቃውን አቀረበ። የቀረበው ለማቀዝቀዣ የሚሆን ስስ የመዳብ ቱቦና ጥርሱ የማይገጥም ማያያዣ ነው። በድርጅታችን እንደተለመደው ገዢው አሮጌውን ማያያዣ በኪሱ ይዞ ገበያ ወጣ፤ ከአዲሱ ጋር መዳፉ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ በዓይኑ አመሳሰለና «አንድ ናቸው» ብሎ ገዛ። አንድ አልነበሩም። ልዩነቱ በዓይን የሚለይ አይደለም፤ ለክቶ ማየት ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

ሟች አልረከብም አሉ። ዕቃው ግን እሳቸው የዓመት ፈቃድ በወጡባቸው ሁለት ሳምንታት ውስጥ ተገጠመ። እዚህ ላይ ማኅበሩ ራሱን ነጻ አያወጣም። የገጠሙት የእኛው አባላት ናቸው። ማያያዣው ሁለት ዙር ብቻ ገብቶ ሲጠብቅ የውሃ ቧንቧ ማሸጊያ ቴፍሎን ጠምጥመን «ይበቃዋል» ያልነው፣ የሙከራ ቅጹን ቁልቁለቱ ላይ ሳንወጣ የፈረምነው እኛ ነን። ይህን የምንጽፈው እያፈርን ነው።

ከፈቃድ በተመለሱበት ማክሰኞ አውቶቡሶቹ እንዲቆሙ ቢጠይቁም ስምሪት ክፍሉ «ተፈርሞበታል» ብሎ መለሳቸው። አንዱን ባዶውን ይዘው ቁልቁለቱ ላይ ወጡ። ፍሬኑን ለሁለተኛ ጊዜ ሲረግጡት ማያያዣው ተፈናጠረ፤ የእጅ ፍሬኑም ክብደቱን አልቻለም። ቁልቁለቱ የሚያበቃው በግቢው በር ነው፤ ከበሩ ውጭ ሰው ተሰልፎ ነበር። መሪውን ወደ ግንቡ አዞሩት። ከተሰለፈው ሰው አንድም አልተነካም።

የድርጅቱ አስተዳደር ረቡዕ ዕለት ባወጣው መግለጫ የአደጋውን መንስኤ «የአሽከርካሪ ስህተት» ብሎታል። ይህ ቃል በአስቸኳይ እንዲነሳ እንጠይቃለን። የሰባቱ ቅጾች ቅጂ በእጃችን ይገኛል፤ በጋራዡ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለለጠፍናቸው ማንም ቀርቦ ሊያነባቸው ይችላል።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ ለወንድማቸውና አብረዋቸው እጃቸውን በፍሬን ዘይት ላቆሸሹ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ባለቤታቸው ግን ልናጽናናቸው በሄድን ጊዜ ከእኛ የፈለጉት ሌላ ነበር። «የቀሩት አሥራ አንዱስ ቆሙ?» አሉን።

እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አባሎቻችን የዘጠኙን ቱቦ ፈትተው አቁመዋቸዋል። ሁለቱ በስምሪት ክፍሉ ትእዛዝ አሁንም መንገድ ላይ ናቸው። የጎን ቁጥራቸው አሥራ አራት እና ሠላሳ አንድ ነው። አትሳፈሩባቸው።