ከጅረቱ ዳር የቆፈርኩት አፈር

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ ለወይዘሮ በላይነሽ፤ ከልጅሽ ከሀብተሚካኤል።

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? በብርድ ጊዜ የሚነሳብሽ ወገብሽ ተሻለሽ? ጉልበትሽስ አፈር ጉድጓዱ ድረስ መውረድና መውጣቱን ቻለልሽ? አባዬን ሳሉ ለቀቀው? አማረችስ በሰላም ተገላገለች? የደምበጫ ስልክ ከተቋረጠ አራተኛ ወሩን ስለያዘ፣ መልሱን እንደማልሰማ እያወቅኩ ነው ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። በሐሳብ ግን ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። አማረች ይህን ስታነብልሽ እኔ ላይ ክፉ ነገር የደረሰ መስሎሽ እንዳትደነግጪ። የደረሰው በሰው ቤት ልጅ ላይ ነው፤ ያደረስኩትም እኔ ነኝ።

እንደምታውቂው እዚህ አቃቂ ለሰባተኛ ክፍል ሥነ ጥበብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ልጆቹ ከወረቀትና ከእርሳስ ወጥተው በእጃቸው የሆነ ነገር እንዲያበጁ ብዬ ቅርጻ ቅርጽ ጀመርኩላቸው። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ የሚያውቀውን አንድ ዕቃ መርጦ በጭቃ ይሠራል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ እጁን ታጥቦ ደብተሩ ላይ ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፤ ዛሬ ምን ሠራህ፣ እጅህ ምን ተሰማው፣ ነገ ምን ትለውጣለህ። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ እጅ ደግሞ ምን ይሰማዋል አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን አንዱ የአባቱን የታክሲ መሪ ሦስት ጊዜ ሠርቶ ሦስት ጊዜ ካፈረሰው በኋላ «ክብ ነገር ስሠራ እቸኩላለሁ» ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ ደሞዜን የተቀበልኩ ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

ከሁሉም ዓሊያ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ትበልጥ ነበር። አባቷ ሀይረዲን ከስልጤ መጥቶ በሰቃ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እሷ የመረጠችው አባቷ ሱቁ ውስጥ ሲወጣና ሲገባ የሚያጠልቀውን አሮጌ ጫማ ነው፤ ተረከዙ ተረግጦ የተኛውን። ብታይው እማዬ፣ የእግሩ ክብደት ያረፈበትን ቦታ ሁሉ ለይታ ታውቀዋለች። አንቺ ገንቦ ስታለሳልሺ እንደምትሆኚው፣ እሷም ሥራ ስትይዝ ብትጠሪያት አትሰማም።

አማረች፣ እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። አፈሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጥሩ የሸክላ አፈር ከሩቅ የሚያመጣልን ስናጣ፣ ከግቢው ጀርባ ካለችው ጅረት ዳር ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ አፈር አገኘሁ። እማዬ፣ አንቺ ከመቆፈርህ በፊት አሽትተው፣ ጥቂት አርጥበህ ቅመሰው፣ ሣር ይበቅልበት እንደሆነ፣ ትል ይኖርበት እንደሆነ እይ ትይኝ ነበር። እኔ ሣር እንደሌለበት አየሁ። አይቼም፣ ሥር የሌለበት ንጹህ አፈር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ወልደገብርኤል «እዚህ ሀያ ዓመት ስኖር ከዚያ ውሃ አህያ እንኳ ሲጠጣ አላየሁም» ቢሉኝ፣ «ልንጠጣው አይደለም ጋሼ» ብዬ ስቄ አለፍኩ።

ጥር መጨረሻ ላይ ዓሊያ ሐሙስ ቀረች፤ አርብም ቀረች። ጓደኛዋ፣ ሁለት እጇ አብጦ ትኩሳት ስለያዛት ሆስፒታል ተኝታለች አለችኝ። ወደ መምህራን ክፍል ሄጄ ደብተሯን ከክምሩ መሀል አወጣሁ። እጅሽ ምን ተሰማው ከሚለው ስር በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ያሳክከኛል፤ ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ ይብሳል» ይላል። በሁለተኛው «ጣቶቼ መሀል ያቃጥለኛል» ይላል። በሦስተኛው እንዲህ ይላል፤ «በጣም ያቃጥለኛል። ለቲቸር አልነገርኳቸውም፤ ከነገርኳቸው አትሥሪ ይሉኛል፤ ጫማው ደግሞ ገና አላለቀም።»

በሦስቱም ገጾች ስር በቀይ እስክሪብቶ የእኔ ፊርማ አለ። በመጨረሻው ላይ «ጎበዝ» ብዬ ጽፌያለሁ። ደብተሩ አርባ ሁለት ስለነበር ያን ሳምንት ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

ደብተሩን ይዤ ወደ ርዕሰ መምህራችን ወደ ወይዘሮ እየሩሳሌም ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን እሳቸውም ፈሩ። እርግጠኛ ያልሆንከውን ለወላጅ ብትናገር ግቢው በሰው ይሞላል፣ ሐኪም ያለው እስኪታወቅ እስከ ሰኞ ዝም በል አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ግን እሳቸው ስላዘዙኝ ብቻ አይደለም። እማዬ፣ ይቅር በይኝ፣ እዚህ ሰው ሲጠይቀኝ እናቴ ነጋዴ ናት እያልኩ ነው የኖርኩት። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኔ ቢታወቅና አንድ ሕፃን በእጄ ስር ብትታመም ምን እንደሚባል ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። የጎረቤት ልጅ የታመመ ጊዜ በራችን ላይ ተሰብስበው የቆሙትን ሰዎች አልረሳኋቸውም። እኔንና አማረችን ከጋኑ ኋላ ደብቀሽ ብቻሽን በሩ ላይ የቆምሽበት የዚያ ቀን ፍርሃት ተመልሶ ያዘኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አምስት ተማሪዎቼ ቤት፣ በዚህ ሳልፍ ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው እያልኩ ዞርኩ። እጃቸውን እየጨበጥኩ መዳፋቸውን ሰርቄ አየሁ። የሁለቱ ጣት መሀል ቀልቷል። የአንደኛዋ እናት ሻይ ልታፈላልኝ ስትነሳ እኔም አብሬ ተነሳሁ። ምክንያት ፈጥሬ ወጣሁና ከአፈሩ ጥቂት በብልቃጥ አድርጌ፣ ደብተሩንም ይዤ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ።

ሀይረዲን ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሐኪሟ ከምግብ የመጣ አለርጂ መስሏት ለዚያ የሚሆን መድኃኒት ነበር የምትሰጣት። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐኪሟ ብልቃጡን ከፍታ አሸተተችና ፊቷን መለሰች። «ይህን ትናንት ብናውቅ ኖሮ» አለችና ሳትጨርሰው ወደ ዓሊያ ክፍል ገባች።

ሀይረዲን ደብተሩን ተቀብሎኝ ሦስቱንም ገጽ አነበበ። «ጎበዝ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆየ።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለኝ።

«ትናንት» አልኩት።

«ትናንት ለምን አልመጣህም?»

«ፈርቼ» አልኩት።

«እኔስ አልፈራሁም?» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እጇን በደንብ አጥበው፣ የሞተውን ቆዳ አንስተው፣ መድኃኒቷን ቀየሩላት። ማክሰኞ ትኩሳቱ ለቀቃት። ከቀሩት ልጆች አሥራ አንዱ እጃቸው ተላልጦ ነበር፤ ሁሉም ታክመው ድነዋል። የዓሊያ የቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች ግን እስከ ዛሬ በደንብ አይታጠፉም። ሐኪሟ እንቅስቃሴ ካደረገች ሊመለሱ ይችላሉ ብላለች። «ይችላሉ» የምትለዋን ቃል ቀኑን ሙሉ በልቤ ሳመላልሳት እውላለሁ። የአፈሩን ናሙና ወስደውታል፤ ውጤቱ ገና አልመጣም። ምን እንዳለበት፣ ማን እንደደፋበት የሚያውቅ የለም።

ልጆቹ የሠሩት ሁሉ በጆንያ ተጠራቅሞ ሊወሰድ ሲል ሀይረዲን ጫማውን አሳዩኝ ብሎ መጣ። በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠሁት። በፌስታሉ ውስጥ እያገላበጠ ሲያየው ቆየና «ይሄን ያህል ነው እንዴ የተረገጠው?» አለ። ከዚያ መልሶ ሰጠኝ፤ እኔም ጆንያው ውስጥ ከተትኩት።

በሳምንቱ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ሞልቶ በበሩም ቆመው ነበር። የሆነውን ከቁፋሮው ጀምሬ ተናገርኩ፤ ያቺን ዝም ያልኩባትን አንድ ቀንም አልደበቅኩም። አንድ አባት ተነስቶ «ለመሆኑ ስለ አፈር ምን ታውቃለህ? ማን አስተማረህ?» አለኝ። ኮሌጅ ልል አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። አፈር ሳይቀመስ አይነካም ብላ አስተምራኝ ነበር፤ እኔ አላደረግኩትም» አልኩ።

ፊት ለፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሴት የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። እማዬ፣ በዚያች ሰዓት በሩ የት እንደሆነ በዓይኔ ፈለግኩ። ያን ጊዜ ሀይረዲን ከኋላ ተነሳ። አሁን አለቀልኝ ብዬ ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ ሳያይ «እናቱ የነገረችውን ሰምቶ ቢሆን ልጄ አትታመምም ነበር» አለና ተቀመጠ። ይቅርታም አላደረገልኝም። አንቺን ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ አዋቂ ጠራሽ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጥቶኛል። ሁለት ወላጆች ልጆቻቸውን ከእኔ ክፍል አስወጥተዋል፤ አንዲት መምህርም ምሳዋን ከእኔ ጋር መብላት ትታለች። ጠዋት ጠዋት ክፍል ስገባ መጀመሪያ የሁሉንም እጅ አያለሁ። አሁን የምንሠራው በሽቦና በካርቶን ነው። እሱንም ቢሆን አንዱ ሲቆርጥ አንዱን ይወጋው ይሆን እያልኩ ትንፋሼን ይዤ ነው የምቆመው። ደብተራቸውን አንድም ቃል ሳልዘል አነባለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ዓሊያ ተመለሰች። ጓንት አድርጋ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሽቦውን ሳቀብላት ሹል ጫፉን በጣቴ ሸፍኜ እንደያዝኩት አየች።

«ቲቸር፣ ይፈራሉ እንዴ?» አለችኝ በቀስታ።

«አዎ፣ እፈራለሁ» አልኳት።

«እኔም» አለችና ሽቦውን በግራ እጇ ተቀበለችኝ። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ መጠምዘዝ ጀመረች።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የጭነት መኪና ሹፌሩ አቢ ነው። መንገዱ ከተዘጋ እስኪከፈት አደራውን እንደሚያቆይ ነግሮኛል። የመንገዱ ነገርም ስለሚያስፈራኝ ደርሶ እስኪመለስ እንቅልፍ አይኖረኝም። ለአባዬ ጉልበቱን ስሜያለሁ በይልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቀው ሐኪም ቤት ሳይሄድ አይቅር። አማረች፣ እህቴ፣ ድምፅሽ እዚህ ድረስ የሚሰማኝ ይመስለኛል፤ ስሙን ገና ያልሰማሁትን ሕፃንሽን ግንባሩን ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለእማማ ስንዱ፣ በዚያን ቀን በራችን ላይ ከተሰበሰቡት ሰዎች መሀል ሳይቆሙ በጓሮ በኩል ውሃ ላቀበሉን፣ እንዳልረሳኋቸው ንገሪያቸው። አንቺ ደግሞ እማዬ፣ እናቱ ነጋዴ ናት ያልኩብሽን ይቅር ካልሽኝ፣ በአቢ በኩል አንድ ቃል ላኪብኝ።

ልጅሽ ሀብተሚካኤል በቀለ
አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.