የኪራዩ መብራትና የመሬት ደብተራችን

ይድረስ ካርቱም ለሚገኘው ለምወድህ ወንድሜ ለዳኛው፤

እንዴት ሰንብተሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ያገሩ ሙቀትስ ለቀቅ አደረገህ? ባለቤትህ አልማዝስ ደህና ናት? እኛ ሰዉም ከብቱም ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ቢያማትም ጾሙን ይዛለች፤ ተዪው ብላት ትቆጣኛለች።

ባለፈው በስልክ «ገንዘብ ልላክልሽና ሶላሩን ግዢው ስልሽ ምነው በኪራይ አስገባሽው?» አልከኝ። አዳነ አጠገቤ ስለነበር ዝም አልኩህ። ባሌን ላሳፍረው አልፈለግሁም። አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

በጥር ወር ታከለ የሚባል ሰው አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሶላር ሲያሳይ አዳነ አገኘውና ቤት ድረስ ይዞት መጣ። አለባበሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነው። «መግዛት አያስፈልጋችሁም። ዕቃው የድርጅቱ ነው፤ እናንተ በየወሩ ኪራይ ትከፍላላችሁ። ቢበላሽ እኛ እንጠግናለን፤ ካልፈለጋችሁትም አንሡልን ማለት ነው» አለን። ሁሉም ሸጋ ነበር፤ እኔን ግን ሸጋነቱ ራሱ አስፈራኝ። የማያውቀኝ ሰው ንብረቱን ጣሪያዬ ላይ ትቶ የሚሄደው ምን አስቦ ነው ብዬ ከራሱ እስከ እግሩ አየሁት።

ቀጥሎ «ለመያዣ የመሬት ደብተራችሁን ስጡኝ፤ ስድስት ወር በደንብ ከከፈላችሁ እመልሳለሁ» አለ። ለሦስት አምፖል መሬት! ተነሥቼ ወጣሁ። አዳነ ተከትሎኝ «አያ ካሣዬ እንኳ ሰጥተዋል» አለኝ። አያ ካሣዬን ታስታውሳቸዋለህ፤ ልጅ የላቸውም፣ ያችኑ ቁራሽ መሬት ለእኩል እያሳረሱ ነው የሚኖሩ። «እሳቸው ቢሰጡ እኔ አልሰጥም» አልኩት። ሁለት ቀን ተኳርፈን ሰነበትን።

በሦስተኛው ቀን ከወፍጮ ስመለስ ልቤ አላምን ብሎኝ ሳጥኑን ከፈትኩት። ደብተሩ የለም። አዳነን ብጠይቀው አመነልኝ። ሰውየው እንደገና መጥቶ አግባብቶት ሰጥቶታል! ዳኛው፣ እንባ እንኳ አልመጣልኝም። መሬቱ እኮ በሁለታችን ስም ነው፤ የኔም ፎቶ አለበት።

በማግስቱ ታከለ የተወልንን ወረቀት ይዤ ጎንደር ወረድኩ። ድርጅቱ መኖሩንም አላመንኩም ነበር፤ ፒያሳ ፎቅ ላይ አገኘሁት። ፈትሂያ የምትባል ልጅ እግር ሴት ተቀበለችኝ። እሷም የሱ ወገን ብትሆንስ ብዬ ስሜንም የመጣሁበትንም አልነገርኳትም። «ሶላር ልከራይ ነበር፤ ምን ይዤ ልምጣ?» አልኳት።

«የቀበሌ መታወቂያና የአንድ ወር ኪራይ ይበቃል» አለችኝ።

«የመሬት ደብተርስ?» ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ማን ነው እሱን የጠየቀዎት?» አለችኝ። ፊቷ ሲለዋወጥ ያን ጊዜ አመንኳትና ሁሉንም ነገርኳት።

በሁለተኛው ቀን ፈትሂያ ከአለቃዋና ከፖሊስ ጋር መጥታ የታከለን የኪራይ ቤት አስፈተሸች። ከፍራሹ ሥር ዐሥራ አንድ ደብተር ወጣ፤ የኛም አለበት። ለካ ድርጅቱ ሳያውቅ ደብተሩን እየሰበሰበ አራጣ አበዳሪ ዘንድ ሊያስይዝ ነበር። የአያ ካሣዬ ደብተር ግን ቀድሞ አበዳሪው ዘንድ ተይዟል። ነገሩ ፍርድ ቤት ነው፤ ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ሲሆን እኔ ምስክር ነኝ። ሽማግሌው በየቀኑ እየመጡ «ይመለስልኝ ይሆን?» ይሉኛል።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ ምነው ተከራየሽ ትለኝ ይሆናል። ስለማላምናቸው ነው የተከራየሁት! ገዝቼው ባትሪው ቢሞት ማንን ይዤ አለቅሳለሁ? ኪራይ ከሆነ ካልሠራ አልከፍልም፤ ዕቃችሁን አንሡልኝ እላለሁ። ፈትሂያ ራሷ ውሉን ይዛ መጣች። ሰርካለም ልጄ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ «ባትሪው ቢበላሽ ድርጅቱ በራሱ ወጪ ይቀይራል» የሚለው ላይ ጣቴን አድርጌ ለሦስተኛ ጊዜ አስነበብኳት። ከዚያ ፈረምኩ። የፈረምኩት እኔ ብቻ ነኝ።

መብራቱ ደግ ነው፤ አልዋሽህም። ሰርካለም ያለ ኩራዝ ጭስ ታጠናለች፣ እናታችንም ማታ ምስር ትለቅምበታለች። እኔ ግን በየወሩ ደረሰኜን ከውሉ ጋር እያመሳከርኩ ነው የምከፍል።

አዳነ ይቅርታ ጠይቆኛል፤ ከልቤ ይቅር ብየዋለሁ። ደብተሩን የት እንዳኖርኩት ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል፤ አልነገርኩትም። ለአንተም እዚህ አልጽፈውም፤ ይህ ወረቀት ካርቱም እስኪደርስ በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ አላውቅም። ስትመጣ በጆሮህ እነግርሃለሁ።

እናታችን ጉንጭህን እየሳመች መርቃሃለች። ሰርካለም አጎቴን ናፍቄዋለሁ በይልኝ ብላለች። አያ ካሣዬም ሰላም ብለውሃል። አዳነም ሰላም በይልኝ ብሎኛል፤ ደብዳቤውን ግን አላሳየሁትም። አልማዝን ሳምልኝ።

እህትህ አባይነሽ
ኮሶዬ፣ መጋቢት 19 ቀን 2007 ዓ.ም.