ወረድ ብሎ፣ በቀኝ በኩል

ታዴዬ፣ የኔ ጌታ፤

እንደምን ሰነበትክ ብልህ መልሱን ከየት አገኘዋለሁ? ስለዚህ የራሴን ልንገርህ። ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እኔ ደህና ነኝ። ይኸኛው «ደህና» ደግሞ መንገድ ላይ ሰው ሲጠይቀኝ ለወጉ የምለው አይደለም። ዛሬ የምጽፍልህ ደስ ብሎኝ ነው፤ ጉራዬን ሳልነዛብህ ባድር ያመኛል።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልጨርስ። ልጃችን ቤቲ ቫን ናይስ ሰፈር አፓርታማ ተከራይታ ገብታለች። ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ጆሮው ቁርጥ ያንተ ነው፣ ምስኪን። ፌርፋክስ ላይ ከታክሲ ጓደኞችህ ጋር የምትቀመጥበት ምግብ ቤት ባለቤቱ ተለውጦ ግድግዳው አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ጓደኞችህም አረንጓዴውን እየሰደቡ እዚያው ይበላሉ። ግማሾቹ ታክሲውን ትተው በስልክ የሚጠራውን ሥራ ይዘዋል። ስልኩ ግራ ታጠፍ ሲላቸው ይታጠፋሉ። ሎስ አንጀለስን በጭንቅላትህ ይዘህ ትዞር የነበርከው ሰውዬ፣ ይህን ብታይ ምሳህ አይወርድልህም ነበር። እኔ እንደ ድሮው ያው ምድር ቤት ያለው ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነኝ።

አንተ መንገድ የምታውቀው በቁጥር ነበር። አራት መቶ አምስትን ትይዢና፣ አንድ መቶ አንድ ላይ ትገቢና፣ እያልክ ስታስረዳኝ ጭንቅላቴ ይዞር ነበር። እኔ ባደግሁበት ሰፈር መንገዱ ስም የለውም፤ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ እየተባባልን ነው ያደግነው። እዚህም መጥቼ በዚያው ቀጠልኩ። ከጎማ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ በቀኝ በኩል፣ ስልህ መሪውን ሁሉ ለቀህ ትስቅ ነበር። ፓርኪንጉ ውስጥ ግን መኪናውን የት እንዳቆመ የጠፋበት ሰው ሁሉ የሚመጣው እኔ ጋ ነው፤ ዘይት የፈሰሰበት ምሰሶ ጎን ነው፣ ብዬ እመራዋለሁ። ከዚያ ከምድር ቤት ስወጣ ነው የሚጠፋብኝ። ለነገሩ ማወቅስ መቼ አስፈለገኝ? ያን ሁሉ ዓመት አንተ ነዳህ፣ እኔ ጎንህ ተቀምጬ ብርቱካን ላጥኩልህ።

አንተ ስትሄድ ብርቱካኑም መሪውም እኔ እጅ ላይ ቀረ። የመጀመሪያውን ዓመት አንተ ጋ የምመጣው ቤቲ ስትወስደኝ ብቻ ነበር። ያረፍክበት ቦታ አገር ቤት እንደምናውቀው መቃብር ከሩቅ የሚታይ ነገር የለውም፤ ሣሩ ላይ የተነጠፈ ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ዓይን እስኪደክመው ድረስ። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ በጣም ናፈቅኸኝና ለማንም ሳልናገር አበባ ገዝቼ መጣሁ። ከበሩ ገባሁ፣ ሄድኩ፣ ይኸው አልኩና ተንበረከክሁ። ስንቱን ነገርኩህ! እንዴት አለቀስኩ! አልቅሼ ሲወጣልኝ ስምህን በጣቴ ልዳብሰው ብዬ መነጽሬን ሳደርግ፣ ሰውዬው አንተ አይደለህም። የማላውቀው ፈረንጅ ነው። የወር ሐዘኔን አጠራቅሜ ለፈረንጅ ዘረገፍኩት።

አንተ ብትኖር ለሳምንት ትስቅብኝ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም። ደንብሬ ተነሣሁና ወደ ሌላው ጥግ ሮጥኩ፤ ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው እያጎነበስኩ ወገቤ እስኪቆረጥ ፈለግኩህ። አላገኘሁህም። መጨረሻ ላይ ለቤቲ ደወልኩ።

ቤቲ መጥታ ስታየኝ ደነገጠች፤ አንተ ጋም ሳታደርሰኝ ወደ ቤት ይዛኝ ሄደች። «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ሁለተኛ ብቻሽን ድራይቭ አድርገሽ እንዳትመጪ። ሶ፣ አፓርታማውን ልቀቂና እኔ ጋ ግቢ፣ ኦኬ?» አለችኝ። ክፋት የላትም፣ ፈርታ ነው። ግን ታዴ፣ ቆሽቴ ነው ያረረው። ባሌ ጋ ለመሄድ ልጄን ላስፈቅድ? በሕይወት ሳለህ አንተን እንኳ አስፈቅጄ የማላውቅ ሴት! ንዴቱ ሲበርድ ደግሞ እውነቷን ነው አልኩ። ባሏን ፈልጋ ማግኘት ያልቻለች ሴት የሁለታችንን ቤት ይዛ ምን ታደርጋለች? ልብሴን በካርቶን መክተት ጀመርኩ፤ ያንተን ኮት ከሁሉም በታች አደረግኩት።

እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው ራድያ የመጣችው። የወሎዋ ራድያ፣ ፌርፋክስ ላይ ልብስና ቅመም የምትሸጠው፣ በቀብርህ ዕለት ክንዴን ይዛ የቆመችው። የታላቅ ወንድሟ የጋሽ ሰይድ ልጅ ሮም ልታገባ ነው፤ ራድያም ካልሄዳችሁ አልሄድም ብላ እኔንና ፀጉር ቤት ያላትን ጽጌን አንቃ ያዘችን። ሮም ስትል ልቤ ዘለለ። ያንተ ሮም! የአሜሪካ ቪዛ እስኪመጣ ከስደተኛ ጓደኞችህ ጋር በእግርህ ያዳረስካት፣ እወስድሻለሁ እወስድሻለሁ እያልክ ሳታሳየኝ የሞትክባት። ቤቲን አስፈቀድኩ። ማለቴ፣ ነገርኳት።

ስለ ሠርጉ ብዙ አልልህም። ጋሽ ሰይድ «ለክርስቲያኖቹ» ብሎ ለእኔና ለጽጌ ዓሣ ለብቻ አሠርቶልን ነበር፤ እኛም እስኪያልበን ጨፈርን። ወሬው ያለው በማግስቱ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ደክሞት ተኝቶ ሳለ ሦስታችን ከተማ እንይ ብለን ወጣን። ጽጌ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋለች። እኛ የሎስ አንጀለስ ሰዎች እግር የተሰጠን ነዳጅ ለመርገጥ እንጂ ለመሄድ መሆኑን ረስተነዋል። ቤቲ ካርታ የጫነችበት ስልኬ አገር ሲለወጥ ከሰዓትነት በቀር ሥራ አቁሟል፤ የጽጌም ፎቶ ከማንሣት በቀር እንደዚያው። የጋሽ ሰይድ ቁጥር ያለበትን ስልክ ደግሞ ራድያ ቻርጅ ላይ ትታው ወጥታለች። አድራሻውን የጻፈ የለም። ግን ማን ተጨነቀ? እኔ ደረቴን ነፍቼ፣ አታስቡ፣ ምልክት ይዣለሁ አልኳቸው።

ምልክቴ ምን መሰለህ? እነጋሽ ሰይድ ቤት ማዕዘን ላይ ያለ፣ ቁመቱ ደረቴ የሚደርስ፣ አፍንጫው የተቆለመመ የብረት የውሃ መጠጫ። ማንም ሳይከፍተው ውሃው ዝም ብሎ ይፈስሳል። እኛ ካሊፎርኒያ በድርቁ ምክንያት ሣር እንኳ አታጠጡ እየተባልን የከረምን ሰዎች ነን፤ እንዲያ ሲፈስ አይተን እንዴት እንረሳዋለን?

ዞርን፣ ዞርን። አደባባዩ ደስ ይላል፣ ቡናው ደስ ይላል፣ ጽጌ ፎቶ ያላነሣችው ሐውልት የለም። ልንመለስ ስንል ቧንቧዬን ፈለግኩና አገኘሁት። ግን ቤቱ የለም። ትንሽ ሄደን ሌላ ቧንቧ አገኘን፤ ቤቱ የለም። በሚቀጥለውም መታጠፊያ ያው ቧንቧ፣ ያው ቁልምም አፍንጫ። ለካ ከተማው ሁሉ እሱ ነው የተተከለው! ታክሲ እንዳንይዝ ሹፌሩን ምን እንበለው? ቢጫ ፎቅ ቤት? ሮም ቢጫ ያልሆነ ቤት የት አለና! ጽጌ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። ራድያ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ታደርጋለች። እኔ የቆምኩት ቧንቧው ሥር ነው፣ የማየው ግን ያንተን መቃብር ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት። እዚህም ባሕር ተሻግሬ ያው ሴትዮ ነኝ አልኩና ዕንባዬ መጣ።

ዕንባዬን እንዳያዩብኝ ልጠጣ ብዬ ጎንበስ ስል ያንተ ነገር ትዝ አለኝ። አፍንጫውን በጣት ስትደፍኑት ውሃው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ ላይ እንደሚዘል፣ አንተና ጓደኞችህ እንደዚያ እየተራጫችሁ ትጠጡ እንደነበር፤ ላሳይሽ ብለህም የኩሽናችንን ቧንቧ በጣትህ ደፍነህ ወለሉን እንዳጥለቀለቅኸው። ደፈንኩት። ውሃው ዘለለና ለሠርጉ ተብሎ ስንት ሰዓት የተሠራውን የጽጌን ፀጉር አገኘው። ጽጌ ጮኸች፤ ራድያ ዱዓዋን አቋርጣ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ሳቅ አቅም አሳጣት። እኔም ሳቅኩ። ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ሳቄ ሲበርድ ጭንቅላቴ ተከፈተ። ፓርኪንጉ ውስጥ የሰው መኪና የማገኘው እንዴት ነው? መኪናውን አይቼ አይደለም፤ መኪናማ ግማሹ ነጭ ነው። ጎኑ ያለውን ነው የማየው። እና ቧንቧውን ተዪው፣ ጎኑ ምን ነበር? አልኩ ለራሴ። መጣልኝ! ስንመጣ ያለፍነው አፍንጫው የተሰበረ ሐውልት ነበር። ከዚያ በፊት ራድያ ዳቦው የአሳማ ስብ አለበት ወይ ብላ በእጇ ምልክት ስትጠይቅ ሻጩ አሳማ የምትፈልግ መስሎት ያመጣላት ዳቦ ቤት። ከዚያ በፊት መጥረጊያ በር ላይ የተንጠለጠለበት ሱቅ። መጀመሪያ ላይ ደግሞ ፎቅ በረንዳ ላይ የተኛ ቡናማ ውሻ፣ እግሩን በብረቱ መሐል ያንጠለጠለ። «ተከተሉኝ» አልኳቸው።

ሐውልቱን አገኘሁ። ዳቦ ቤቱን አገኘሁ፤ ሻጩ ራድያን ሲያይ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። መጥረጊያዎቹን አለፍን። ውሻው ነቅቶ ቆሟል፣ በረንዳው ግን ያው በረንዳ ነው። ከውሻው ሥር ስንታጠፍ ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ቆሞ አየነው። ራድያ መንገዱ መሐል እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጽጌም በባዶ እግሯ፣ ከነርጥብ ፀጉሯ ተቀበለቻት። ጣሊያኖቹ ሠርጉ ገና ያላለቀ መስሏቸው አጨበጨቡልን።

ከዚያ በኋላ በቀሩት ቀናት መሪዋ እኔ ነበርኩ። የትም ወሰድኳቸው፣ ከየትም መለስኳቸው። ዳቦ እየገመጣችሁ ትውሉበት የነበረውን የቤተ ክርስቲያን ደረጃም ፈለግኩልህ። የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ አልነገርከኝም፤ ሮም ደግሞ ደረጃ አያልቅባትም። ስለዚህ ፀሐይ ያረፈበትን አንዱን መረጥኩና፣ እዚህ ነበር የሚቀመጠው አልኳቸው። አመኑኝ። ዳቦ ገምጠን ተቀመጥን። አንተ ወረቀት አጥተህ፣ ነገህን ሳታውቅ በተቀመጥክበት ከተማ ሚስትህ ጓደኞቿን አስከትላ ገባች። ባንተ ኮራሁ ታዴ። በራሴም ኮራሁ።

ሎስ አንጀለስ በተመለስኩ በመጀመሪያው እሁድ ቁልፌን አነሣሁ። ለቤቲ አልነገርኳትም። ከጎማ ቤቱ ቀጥ ብዬ፣ ኮረብታውን ተሻግሬ፣ ብርቱካን ጎኔ አስቀምጬ መጣሁ። ቢሮ ገብቼ ካርታ አልጠየቅኩም። በሩ ላይ ቆሜ፣ ሰሌዳዎቹን ተዪያቸው፣ ጎናቸው ምን ነበር? አልኩ። ባልዲ የተንጠለጠለበት የውሃ ቧንቧ ነበር፣ ቤቲ ለአበባው ውሃ የምትቀዳበት። እሱን አለፍኩ። ወሬ የሚሰማ ይመስል ዘንበል ያለ ዛፍ ነበር። እሱን አለፍኩ። እና ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ያን ፈረንጅ! በስህተት ያለቀስኩለትን ሰውዬ፣ መነጽሬን አድርጌ ስሙን አነበብኩት፣ ራሱ ነው። ቀና ስል፣ ከእሱ ወረድ ብሎ፣ በቀኝ በኩል፣ አንተ ነህ።

ጥቂት እርምጃ ነው የሚያራርቃችሁ ታዴ። ያን ቀን የተንበረከክሁት አጠገብህ ነበር። ያልኩህን ሁሉ ሰምተኸኛል ማለት ነው።

የዘንድሮው ዝናብ ሣርህን አለምልሞታል። ብርቱካኑን ልጬ እበላለሁ ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም፣ ተነሥቼ እልል አልኩ። መቃብር ላይ እልል ይባላል? እኔ ብያለሁ። ሣር የሚያጭደው ሰውዬ ማሽኑን አጥፍቶ አየኝ፤ ባሌን አገኘሁት አልኩት፣ በአማርኛ።

ቤቲ ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ አለቀሰች። ባለፈው እሁድ ልጇን ይዛ መጣችና በየት በኩል ነው ማሚ ብላ በእግር ተከተለችኝ። ካርቶኖቹን ፈትቻቸዋለሁ። ኮትህ ቦታው ተሰቅሏል። ቤታችን ቤታችን ነው፤ የትም አልሄድም።

አልረሳህም ብዬ ልምልልህ አልፈልግም፤ አንተን መርሳትማ መቼ እችልበታለሁ። የምምልልህ መንገዱን እንደማልረሳ ነው። በመጣሁ ቁጥር ከአበባው አንዷ የፈረንጁ ናት፤ ሐዘኔን አደራ ይዞ አቆይቶልኛል። የቀረው ሁሉ ያንተ ነው። ጆሮህን የወሰደው የልጅ ልጅህም አፉን ሲፈታ፣ አያትህ የት ነው ብሎ የጠየቀው ሰው ቢኖር እንዲህ ብሎ እንዲመልስ አስተምረዋለሁ፦ ከፈረንጁ ወረድ ብሎ፣ በቀኝ በኩል።

አልማዝህ